የጅቡ ሥዕል አለፈ፣ የእኔ ስም ተያዘ

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ አባቴ ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጥ ነበር። ያደግሁት ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለች መንደር ነው። ሰፈራችን ፊት ለፊት የማይጠራ፣ ዞር ሲሉ ግን የማይቀር ስም ነበረው፦ ጠይብ። እሱን ተከትሎ ደግሞ ቡዳ ይመጣል። ማታ ማታ ጅብ ትሆናላችሁ ነው ነገሩ። የእማዬ ጀበና ከማንም ምድጃ አይጠፋም፤ እሷ ግን ቡና ስትጠራ የምትቀመጠው ከበሩ አጠገብ ነበር።

በ2014 ዓ.ም ሥራዋን በስልኬ እየቀረጽኩ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ማውጣት ጀመርኩ። አፈሩን ስታቦካ፣ የተሰበረ ገል ወቅጣ ስትቀላቅልበት (ያለዚያ እሳት ላይ ይሰነጠቃል)፣ በለስላሳ ድንጋይ ስትወለውል፣ በኩበት ስትተኩስ። ሰው ወደደው። ከሥሩ «የባህል ሸክላ» እያልኩ እጽፋለሁ። የማን ባህል እንደሆነ ግን አልጽፍም።

አንድ ቀን ምጣድ በጎመን ዘር ስታሟሽ ቀረጽኳትና «እኛ ጠይቦች ነን፤ ቡዳ የምትሉን እኛ ነን፤ የምትጋግሩበትም የእኛ ነው» ብዬ ለቀቅሁት። አንድ ሰዓት አልቆየም። የጥላቻ ንግግር ነው ተብሎ ወረደ፤ እኔም ለሳምንት ታገድኩ። በራሴ ላይ ጥላቻ ተናግሬ!

ያንገበገበኝ እገዳው አይደለም። ስመለስ የቀድሞዎቹን ቪዲዮዎች ባያቸው ከሥራቸው የጅብ ሥዕል ተደርድሯል። አንዱ ጅብ፣ አንዱ ጅብና ዓይን። አንዲት ፊደል የጻፈ የለም። አንዱን ለማኅበራዊ ሚዲያው ድርጅት ጠቆምኩ፤ «ደንቡን አይጥስም» የሚል መልስ መጣልኝ። ማሽኑ ቃል እንጂ ነገር አያውቅም። የአገሬ ሰው ግን ያ ጅብ ምን እንደሚል አስተርጓሚ አያሻውም።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሌላው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ በፊደሎቹ መሃል ነጥብ እየከተትኩ «ጠ.ይ.ብ» ብዬ ጻፍኩ። አለፈ። እማዬ ፊደል የቆጠረች ናትና አነበበችው። «ምነው ቆራረጥሽው? የሚያሳፍር ነገር አለው እንዴ?» አለችኝ። ያኔውኑ አጠፋሁት።

ቀጥሎ ይግባኝ አልኩ። ጠይብ ከግእዙ ጠቢብ የመጣ ቃል መሆኑን፣ አፄ ምኒልክም ባለ እጅ እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም ማወጃቸውን ልጽፍ ብቀመጥ፣ ያገኘሁት ምልክት የማደርግበት አንድ ሳጥን ብቻ ነው። ቁጣዬን ዋጥ አድርጌ የድርጅቱን ደንብ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ይህን ቀድሜ ባደርገው ኖሮ ሁለት ወር ይተርፈኝ ነበር። ሰው የተሰደበበትን ስም ለራሱ ቢጠራበት፣ ዓላማው ግልጽ እስከሆነ ድረስ፣ ይፈቀዳል ይላል።

ስለዚህ አጻጻፌን ቀየርኩ። «የምትሉን» የሚለው ወጣ፤ ለካ ጠብ ያስመስለው የነበረው እሱ ነው። «እኔ» ከፊት ገባ። ስሙም ከሥራው ጋር ተጣምሮ መጣ፦ «እኔ ጠይብ ነኝ። እናቴ ይህን ምጣድ ሠርታ አሳደገችኝ።» ቪዲዮው ላይ እማዬ ራሷ ስሙን በአንደበቷ እንድትጠራው አደረግሁ። እሱ እስከ ዛሬ አልወረደም። ከዚያ በኋላ ሁለት ጽሑፍ ወርዶብኛል፤ ዘዴው ሁሌም ይሠራል አልልም።

ቅጂ ማስቀመጥንም የተማርኩት በችግር ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገጼ አለ የለም የሚለውን እንኳ ማየት አልቻልኩም። በእጄ የቀረው ስልኬ ላይ የነበረው ብቻ ነው። አሁን የማወጣውን ሁሉ መጀመሪያ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

አንድ ነገር ግን ለማውራት ይከብደኛል። ያን የመጀመሪያውን ጽሑፍ የጠቆመው የሚጠላን ሰው ይመስለኝ ነበር። የአጎቴ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሊያጭ ያሰበው ቤት አለ፤ የእኛን ዘር አያውቁም። አጎቴም ደወለ፦ «ስንቀብረው የኖርነውን አንቺ ትቆፍሪው ጀመር?» አለኝ። «ጋሼ፣ የተቀበረ ቢሆን ጅቡን ከየት አመጡት?» አልኩት። ዘጋብኝ። አልፈርድበትም፤ እሱ ለልጁ ፈርቶ ነው፣ «እኛ ጠይቦች» ስል ደግሞ እሱንም መጥራቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ራሴና ፈቃዷን ስለሰጠችኝ እናቴ እንጂ «እኛ» ብዬ ጽፌ አላውቅም።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት አጎቴ በልጅ ልጁ ስልክ ፎቶ ላከልኝ። ከእሳት የወጣ፣ ገና ያልጠቆረ ማረሻ ነው። በድምፅ ተከትሎ፦ «ስሜን እንዳትጽፊ። ማረሻውን ግን አውጪው፤ ማን እንደሠራው ከጠየቁሽ ጠይብ ነው በያቸው።»