ጎንደር ላይ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ጎንደር ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ዓመት የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የተሰጠው ሥራ ቀላል ነበር፦ ቴርሞሜትሩን መጀመሪያ በሚቀልጥ በረዶ፣ ቀጥሎ በሚፈላ ውኃ ውስጥ አስገብቶ ያነበበውን መመዝገብ። የቀረቡት ሪፖርቶች ከአንዱ በስተቀር ሁሉም 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላሉ። ጎንደር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ አንሶ 78 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ ስለዚህ ውኃው 93 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል።

ሲጠየቁ፣ አንደኛው ቡድን ቴርሞሜትሩ የተበላሸ መስሎት አስቀይሯል። ሌሎቹ 93ን እያዩ 100 ጽፈዋል። ይህን ማጭበርበር ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። የእንግሊዝኛው መመሪያ «ግፊቱ 1 አትሞስፌር ሲሆን» (ማለትም በባሕር ወለል የአየር ግፊት) የሚለውን ቅድመ ሁኔታ በአንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር መሀል ቀብሮታል፤ በሁለተኛ ቋንቋው የሚያነብ ተማሪ ደግሞ ቶሎ የሚይዘው ቁጥሩን ነው። መምህሩ አስረድቶ «ገባችሁ?» ሲል ሁሉም «አዎ» ብለዋል፤ ጥያቄው ትምህርቱ መግባቱንም አለመግባቱንም አያሳይም። ውኃው ከመጣዱ በፊት «ስንት የሚያነብ ይመስላችኋል? ለምን?» ብሎ ግምታቸውን ማስጻፍ ግን ክፍተቱን ወዲያው ያወጣዋል።

መመሪያው እንደገና ተጻፈ። በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ትእዛዝ ብቻ፤ ቅድመ ሁኔታ ካለ ከፊት ይቀመጣል። «የቴርሞሜትሩ ጫፍ የቢከሩን ታች አይንካ» የሚለው ራሱን የቻለ መስመር ሆነ፤ ከነካ ከውኃው ይበልጥ የጋለውን ብርጭቆ ያነባልና። አስፈላጊዎቹ ቃላት በሥዕል ተደግፈው ከዋዜማው ይሰጣሉ። ቡድኑ የሥራውን ቅደም ተከተል በሥዕል ሠርቶ ካላሳየ ማሞቂያ አይለኮስም።

ከልኬቱ በኋላ አምስት ደቂቃ በፈለጉት ቋንቋ ይወያያሉ፤ ከዚያ «ያየነው…»፣ «መጽሐፉ የሚለው…»፣ «ልዩነቱ የመጣው…» የሚሉ የእንግሊዝኛ ጅማሬዎች ተሰጥቷቸው ይጽፋሉ። ሁሉንም በአማርኛ አስረድቶ መገላገል ያጓጓል። ነገር ግን ተማሪው ከመላ አገሪቱ ተመድቦ የመጣ ነው፤ አፋን ኦሮሞ ወይም ሶማሊኛ አፉን ለፈታበት ልጅ አማርኛውም ሌላ ሸክም ነው። ፈተናውም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው።

በጤና ሳይንስ ዘርፍ ለሚማሩት ደግሞ ጉዳዩ ከውኃ መፍላት ያለፈ ነው። የኦቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃን በግፊት በታመቀ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ መሣሪያ) ጌጅ የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። በባሕር ወለል 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) 121 ዲግሪ ይሰጣል፤ ጎንደር ላይ ያው 15 የሚሰጠው 117 ገደማ ነው። 121 ለመድረስ 18.5 አካባቢ ያስፈልጋል፤ ከሁሉ የሚሻለው ሙቀቱን ራሱን መከታተል ነው። «15 ፒኤስአይ፣ 15 ደቂቃ» የሚለውን እንዳለ የሚገለብጥ ተማሪ ያልጸዳ ዕቃ ይዞ ሊወጣ ይችላል።

አሁን የሪፖርቱ ሠንጠረዥ «የተነበበ» እና «የመጽሐፍ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች አሉት። ከነጥቡ ግማሹ የሚሰጠው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለተብራራበት ነው፤ በዚያ ክፍል የሰዋስው ስህተት ነጥብ አያስቀንስም።