የሰፈሩን መብራት ያጠፋው ፓስታ

ረቡዕ ማታ ለብቻው የሚኖር ሰው የእራት ምርጫው ጠባብ ነው። እንቁላል እንዳይጠብስ ቀኑ ጾም ነው፤ ሽሮ እንዳይሠራ እንጀራው አልቋል፤ ምስር እንዳይጥድ ደግሞ ምስሩ እስኪበስል ረኃቡ አይጠብቅም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት አንድ ረቡዕ ከሥራ አምሽቼ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮዬ ስገባ፣ ከስንዴና ከውኃ ውጭ ምንም የሌለበትን ደረቅ ፓስታ ቀቅዬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ በተጠበሰበት ዘይት ለውሼ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ በልቼ ለመተኛት ወሰንኩ። ዕቅዱ ይህ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ መጠን ነው። ለአንድ ሰው 100 ግራም ፓስታ፣ ለ100 ግራም ፓስታ 1 ሊትር ውኃ፣ ለ1 ሊትር ውኃ ደግሞ 10 ግራም ያህል ጨው የሚለው ሕግ ጣሊያኖች አጥብቀው የያዙት ሕግ ነው። እኔ ቤት ሚዛን ስለሌለ የሚሠራው የእጅ ሕግ ነው። ከባለ 500 ግራሙ እሽግ ግማሽ ያህሉ ቀርቶ ነበርና በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አንድ ጭብጥ ለክቼ አወጣሁ፤ የተረፈውን ሳየው ደግሞ ለሌላ ቀን ራሱን ችሎ እራት የማይሆን፣ ለመጣልም የሚያሳሳ ሆኖ ስላገኘሁት እሱም ተከትሎ ገባ። ለአንድ ሰው የሚቀቀል ፓስታ ምን ጊዜም ጠባዩ ይኸው ነው፤ ድስት ውስጥ እስኪገባ ያንሳል፣ ከገባ በኋላ ይበዛል።

እሽጉ ላይ «8 ደቂቃ» የሚል ተጽፏል። ውኃው እየተንተከተከ ስለነበር የስልኬን ሰዓት በ8 ደቂቃ ሞልቼ ነጭ ሽንኩርቱን ስልጥ ቆየሁ፤ ሲጮህም አንዱን ዘንግ በሹካ አውጥቼ ነከስኩት። ጥርሴ ላይ ኳ አለ። መብራቱ ሥር ወስጄ የተቆረጠውን ጫፍ ሳየው፣ መካከሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች፤ ያቺ ነጥብ እስካለች ድረስ ፓስታው ልቡ ጥሬ ነው ማለት ነው። ሌላ 4 ደቂቃ ጨመርኩ። ነጥቧ አለች። ረኃቡ እየጠና፣ ትዕግሥቱ እያለቀ ስለመጣ እንፋሎቱ ታፍኖ ቶሎ ያበስለው ይሆናል ብዬ ድስቱን ከደንኩትና ቃሪያ ልከትፍ ዞር አልኩ።

ፓስታ የተቀቀለበት ውኃ ግን መከደን አይወድም። ከስንዴው የሚወጣው ስታርች ውኃውን ስለሚያወፍረው አረፋው ቶሎ አይፈርስም፤ ሲከደን ደግሞ መውጫ አጥቶ እላይ እላይ ይሄዳል። የኔ ምድጃ ሽቦው በሸክላ ቦይ ውስጥ እየዞረ የሚግለው፣ በየገበያው የሚሸጠው ዓይነት ነው። አረፋው ክዳኑን አንስቶ፣ በድስቱ ጎን ወርዶ፣ የጋለው ሽቦ ላይ ሲፈስ «ጭሽሽ» አለ፤ እኔም «ወይኔ! ፈነዳ!» ብዬ ጮህኩ፤ በዚያችው ቅጽበት ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ።

እስካሁን ድረስ የማልረሳው የጊዜውን መገጣጠም ነው። አንድ ደቂቃ ቀደም ብሎ ቢጠፋ ኖሮ፣ ወይም አንድ ደቂቃ ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ፣ እኔም ዛሬ የምጽፈው ነገር ባልነበረኝ። በሰዓቱ ግን ብሬከሩ የወረደ መስሎኝ በርጩማ ላይ ወጥቼ በጨለማ ዳበስኩት፤ አልወረደም፣ እንደተሰቀለ ነው። ቢሆንም አወረድኩና መለስኩት፤ ደግሜም አወረድኩና መለስኩት። ይህን ሳደርግ የሚሰማው «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚለው ድምፅ በተከፈተው የኮሪደር መስኮት ወጥቶ ደረጃው ላይ የቆሙት ልጆች ጆሮ ደርሷል። ጩኸቴማ ከዚያ በፊት ደርሷል። አንዱ ልጅ ሕንጻው በሙሉ በሚሰማው ድምፅ ዐዋጁን አስነገረ፦ «ጋሼ ቤት ፈንድቶ ነው! ጋሼ ነው ያጠፋው!»

በሬን ስከፍት ኮሪደሩ በስልክ መብራት ተሞልቷል። የሕንጻው ኮሚቴ ሰብሳቢ መብራታቸውን ፊቴ ላይ አበሩብኝና «ወንድሜ፣ ምን ነካህ? ልጆች እያጠኑ እኮ ነው፤ እኔም ዜና ላይ ነበርኩ» አሉኝ። ምን እያደረግኩ እንደነበር ሲጠይቁኝ እውነቱን ተናገርኩ፤ ፓስታ እየቀቀልኩ ነበር አልኳቸው። በሕይወቴ ከተናገርኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ እንደዚህ ደካማ የመከላከያ ቃል አላውቅም። ከሦስተኛ ፎቅ ነጠላቸውን ተከናንበው የወጡት እማማ «ምን ያህል ብትቀቅል ነው ልጄ?» ሲሉ ከኋላቸው የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሰብሳቢው ግን አልሳቁም።

ንጽሕናዬን የሚያረጋግጥ ማስረጃ በእጄ ነበር። ሁሉንም ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ወስጄ ከፊት ለፊት ያሉትን ብሎኮች አሳየኋቸው፤ አንድም መስኮት አልበራም፣ ከማዶ ያለው መንገድም ጨልሟል። የጠፋው የአካባቢው መስመር እንጂ የኔ ቤት እንዳልሆነ በዚህ ይረዱልኛል ብዬ ዞር ስል፣ አንዲት ጎረቤት እጇን አፏ ላይ ጭና «እነሱንም አጠፋቸው እንዴ!» አለች።

ያዳኑኝ መምህር ናቸው። ፊዚክስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ተማሪ ካጡ ወዲህ ያገኙትን ሁሉ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። ብሬከር በየቤቱ የሚተከለው የአንዱ ቤት ብልሽት ለሌላው እንዳይተርፍ ነው፤ የአንድ ሰው ምድጃ ሰፈር አያጠፋም ብለው በጨለማው ውስጥ ፍርድ ሰጡ። ነገሩ በዚሁ ያበቃ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደኔ ዞረው «ለመሆኑ ምን ስታደርግ ነው ይህን ያህል ሰዓት ምድጃ ላይ ያቆየኸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እሽጉ 8 ደቂቃ እንደሚል፣ ከ12 ደቂቃ በኋላም ልቡ ጥሬ እንደነበረ ነገርኳቸው። ይህንን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩ ነው የሚመስለው።

«አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት» አሉ፣ እጃቸውን ወደ ጣሪያው እያነሱ። «ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃም በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ውኃው በ100 ዲግሪ ሲፈላለት ላንተ በ92 ገደማ ይፈላልሃል። ከዚያ በኋላ እሳት ብትጨምርበት ይተንናል እንጂ አይሞቅም። ያ 8 ደቂቃ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ትከስራለህ።»

ዝምታ ሆነ። ከዚያ ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ታዲያ ዝቅ ብሎ አይቀቅልም?» አሉ።

እማማ ነገሩን የምር ወሰዱት። «እኔ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ቡታጋዝም አለኝ፤ ድስቱን ይዘህ ና» አሉኝ። መምህሩ የአንድ ፎቅ ቁመት 3 ሜትር ቢሆን ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ አንድ መቶኛ ብቻ መሆኑን በቃላቸው አስልተው ተናገሩ፤ እማማም «ትንሽም ብትሆን ትጠቅማለች» አሏቸው። እኔ በጨርቅ የያዝኩትን ድስት ይዤ፣ አንድ ልጅ ከፊቴ በስልክ እያበራልኝ፣ ሌሎቹ «ቀስ! ቀስ!» እያሉ ከኋላዬ እየተከተሉኝ ደረጃውን ወረድን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሙቅ ውኃ ውስጥ ተኝቶ ክርክሩን ሲሰማ የቆየው ፓስታ እሳት ሲያገኝ አልተከራከረም፤ ነጥቧም ጠፋች።

ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ የያዘችውን ሳህኔን እማማ በሻማው ብርሃን አይተው «ይኼማ ለታመመ ሰው ነው» ብለው ወደ ጎን አደረጓት። ቀይ ሽንኩርት ያለ ዘይት አቁላልተው፣ ዘይቱን አስከትለው፣ በርበሬና ቲማቲም ጨምረው፣ ፓስታውን በጭልፋ ጠርዝ እየቆራረጡ ሲያዋህዱት የእኔ ዕቅድ ምን እንደነበረ ራሴም ረሳሁት። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ገብቶ በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ፓስታውን ትቶልን መሄዱ የታወቀ ነው፤ ሹካውንም ትቶ ስለመሄዱ ግን በእማማ ቤት ማረጋገጥ አልተቻለም። በትልቅ ትሪ ላይ እንጀራ ተዘርግቶ፣ ፓስታው መካከል ፈስሶ ቀረበ። መምህሩ፣ ሰብሳቢው፣ «እነሱንም አጠፋቸው» ያለችው ጎረቤትና ቁጥራቸው በጨለማ የማይታወቅ ልጆች ከበቡት። «ለአንድ ሰው እንደዚህ የሚቀቅል ምን ዓይነት ጨጓራ ያለው ነው?» የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ፤ የማን እንደሆነ ለማየት ሻማዋ አልረዳችኝም። እኔ የደረሰኝ ጠቅልለው ካጎረሱኝ ከእማማ እጅ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጄን ስዘረጋ የነካሁት ትሪውን ነው።

መብራቱ የመጣው ድስቴን አጥቤ በሩ ላይ ስደርስ ነበር። ሁሉም አጨበጨበ። ያ ዐዋጅ ነጋሪ ልጅ ግን «አያችሁ? ፓስታው ሲያልቅ መጣ!» አለ፤ የመምህሩ የግማሽ ሰዓት ትምህርትም በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ተሻረ።

ከዚያ ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር ሻማ ከመፈለጉ በፊት የሚመጣው ወደኔ በር ነው። ባለፈው ሰሞን ማታ ሰፈሩ ሲጨልም ልጁ አንኳኩቶ፣ በስልኩ ብርሃን ከኋላዬ ያለውን ምድጃ አሻግሮ እየተመለከተ «ጋሼ፣ እማማ ፓስታ ከሆነ ድስቱን ይዘው ይውረዱ ብለዋል፤ ሽንኩርቱን ጥደዋል» አለኝ። በሰዓቱ ምድጃዬ አልበራም፣ ድስቴም መደርደሪያው ላይ ነው፤ እኔ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነበር። ይህንን ብነግረው የሚያምነኝ ስላልመሰለኝ አዲስ እሽግ ፓስታ ይዤ ተከትዬው ወረድኩ።