ያልታዘዙት ቀዳዳዎች

ዛሬም ሳስበው የሚያበግነኝ ንግግር ነው። ቦታው አውሮፓ ውስጥ ያለ አንድ ሲንክሮትሮን (ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ግዙፍ ማሽን) ነው። የኮባልትና የፕላቲነም ስስ ሽፋን ውስጥ ያሉትን ማግኔታዊ ዶሜኖች (ማግኔትነታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ ጥቃቅን ክፍሎች) በኤክስሬይ ሆሎግራፊ ልናይ ቢምታይም፣ ማለትም በጨረሩ የምንሠራበት ጊዜ፣ ተሰጥቶናል። ዘዴው በናሙናው ያለፈው ጨረር በሌላ ትንሽ ቀዳዳ ካለፈው ጋር ሲደባለቅ የሚፈጠረውን ንድፍ፣ ሆሎግራሙን፣ መዝግቦ በስሌት ምስል ማውጣት ነው። ማስኩን፣ ማለትም ጨረሩን በቀዳዳዎቹ ብቻ የሚያሳልፈውን ሽፋን፣ የሚያዘጋጁልን አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ናቸው። ወርቅ በተቀባ ሲሊከን ናይትራይድ ላይ በአዮን ጨረር ቀዳዳ ሲያወጡ እጃቸው አይስትም።

የቡድናችን መሪ ሪፈረንስ ቀዳዳው፣ ያ ከናሙናው ጎን ያለው ትንሽ ቀዳዳ፣ ሰፋ እንዲል ፈለገ። «ብርሃን በደንብ ካለፈ ምስሉ ቶሎ ይወጣል» አለ።

«ቶሎ ይወጣል፤ ግን ብዥ ይላል» አሉት። «እዚህ ሌንስ የለም። ምን ያህል ዝርዝር እንደምታይ የሚወስነው የዚህች ቀዳዳ ስፋት ነው። በ150 ናኖሜትር ቀዳዳ የ100 ናኖሜትር ዶሜን ልታይ ነው? የበርሊኖቹ ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2004 እስከ 50 ናኖሜትር የወረዱት ጠባብ ቀዳዳ ይዘው ነው።»

«እርስዎ ቀዳዳውን ያውጡልን፤ ፊዚክሱን ለእኛ ይተዉት።»

ሰውየው ዝም አሉ። እኔ ትክክል ናቸው ብዬ ተከራከርኩ፤ ሰሚ አልነበረም።

ጨረሩ ሲመጣ እሳቸው ያሉት ሆነ። ማግኔታዊው ልዩነት ብቻ እንዲቀር የቀኝና የግራ ክብ ፖላራይዜሽን (የጨረሩ መስክ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚሽከረከርበት) ሆሎግራሞችን ቀናንሰን ፉሪየር ትራንስፎርም፣ ማለትም ንድፉን ወደ ምስል የሚመልሰውን ስሌት፣ ሠራን። ከሰፊው ቀዳዳ የመጣው ምስል ብዥታ ብቻ ነው። የአንዱ ዶሜን ድንበር ከሌላው አይለይም። ግን በየጥጉ ሌሎች ምስሎችም አሉ! ደካማ ናቸው፤ ኖይዝ (የምስል ጉድፍ) ይበዛባቸዋል፤ የዶሜኖቹ ጠርዝ ግን ይታያል። ለካ ሰውየው ማንም ሳያዛቸው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምስል የሚሰጡ ጠባብ ሪፈረንስ ቀዳዳዎች ጨምረውልን ኖሯል። ያውም በዘፈቀደ አይደለም። ምስሎቹ እርስ በርስም ሆነ መሃል ላይ ካለው ደማቅ ክፍል ጋር እንዳይደራረቡ ርቀቱንም አቅጣጫውንም አስልተውታል። የጠባቦቹን ምስሎች አንድ ላይ ስንደምራቸው ኖይዙ ቀነሰ፤ ዶሜኖቹም እንደ ጣት አሻራ ተጠማዝዘው ቁልጭ አሉ። የተመደበልን ጊዜ በከንቱ ከማለፍ የተረፈው በእሳቸው ነው።

ጽሑፉ ሲታተም ከደራሲያኑ መካከል ስማቸው የለም። ስጠይቅ «ማስክ ማዘጋጀት የአገልግሎት ሥራ ነው» ተባልኩ። እኔ አልስማማም። በዚህ ሙያ የትኛው ቀዳዳ የት፣ በምን ስፋት ይሁን የሚለውን የወሰነ ሰው ሙከራውን ነድፏል። ዕቃ አቀባይ አይደለም።

አሁን የራሴን ሙከራዎች ስመራ ማስክ ከማዘዜ በፊት ንድፉን ይዤ እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ። ያርማሉ፣ ይሰርዛሉ፣ ይጨምራሉ። ስማቸውም ከእኛው ጋር ይታተማል።