ሀ የቱ ነው?

ያን ክረምት ማታ ማታ ብርጭቆ ወረቀት ስቆርጥ ነው ያሳለፍኩት። አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበትን ሻካራ ወረቀት ማለቴ ነው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። ቁጥሩን ሲናገሩት ቀላል ነው፤ መቀስ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ ጨ ላይ ስደርስ ማልቀስ አማረኝ። እያንዳንዱን ፊደል ቅዳሜ ገበያ ባስቆረጥኩት ኮምፔንሳቶ ላይ በኮላ ለጠፍኩ። ልጆቹ ሌባ ጣትና መሀል ጣታቸውን አጣምረው ሸካራውን ፊደል ይዳስሱታል፣ ድምፁን ይናገራሉ። እጃቸው መጻፍ የሚጀምረው እርሳስ ከመያዛቸው በፊት ነው። ሞንቴሶሪ የሚባለው ትምህርት አንዱ መለያው ይኸው ነው።

ሥራዬ ጎንደር ውስጥ፣ አንድ ደብር ቅጥር ግቢ ባለ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት የሆናቸው ልጆች በአንድ ላይ። ከክፍላችን ጀርባ፣ ከወይራው ሥር፣ የኔታ የራሳቸውን ተማሪዎች ሰብስበው ፊደል ያስቆጥራሉ። እኔ «ዝም ብላችሁ ዳስሱ» ስል ከመስኮቱ ማዶ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያሉ ይጮኻሉ። መጀመሪያ ላይ ይህ ጩኸት ያናድደኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ እንቃቸውም ነበር። አዲስ አበባ ሄጄ ሥልጠና ወስጄ፣ ሰርተፊኬት ይዤ መጥቻለሁ አይደል?

ወላጆችን ማሳመን ቀላል አልነበረም። ልጃቸው ከቀይ ማሰሮ ወደ ኩባያ ውኃ ሲገለብጥ ያዩና «እቃቃ ነው እንዴ የምታጫውቷቸው? ደብተሩ የታለ?» ይላሉ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ደግሞ ሌላ ስጋት ነበራቸው። የትምህርቱ መሥራች ማሪያ ሞንቴሶሪ ካቶሊክ መሆኗን ከአንድ ቦታ ሰምተዋል። «መምህርት፣ አፄ ፋሲል ያባረራቸውን አንቺ በጓሮ በር ልታስገቢብን ነው?» አሉኝ። ስቀው ነው፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም። ጎንደር ላይ እንዲህ ያለ ቀልድ ሥር አለው።

እኔም ያለኝን ተናገርኩ። ሴትየዋ ሐኪም ነበረች። የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ፣ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር ነው። የሠራተኛ ልጆች በቀን የሚውሉበት ቤት እንጂ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት አልነበረም። ሃይማኖትን በዚሁ መንገድ ማስተማር የተሞከረው ኋላ ባርሴሎና ላይ ነው። እዚያ ልጆቹ ለቁርባን የሚሆን ስንዴና ወይን ራሳቸው አልምተዋል። ይህን ስናገር በዝምታ ይሰሙ የነበሩት የኔታ ቀና አሉ። «ይኼማ ቤተ ልሔም ነው» አሉ፤ የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤት ማለታቸው ነው። ሌላ አልጨመሩም። ሊቀመንበሩም «እንግዲህ እናያለን» ብለው ተነሡ። «እናያለን» ያሉት ከምራቸው ኖሯል፤ ኅዳር ላይ ወላጆችን ይዘው ሊጎበኙን መጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ሞንቴሶሪ ሴጋን ከሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም የወሰደችው ባለ ሦስት እርከን ትምህርት አለ። መጀመሪያ መምህሯ ትሰይማለች፦ «ይህ ለ ነው።» ቀጥላ ታስመርጣለች፦ «ለ የቱ ነው?» መጨረሻ ላይ ትጠይቃለች፦ «ይህስ ምንድን ነው?» ልጁ ሁለተኛው ላይ ከሳተ አይታረምም። «ተሳስተሃል» የሚባል ነገር የለም። ሰሌዳዎቹ በፈገግታ ይሰበሰቡና ሌላ ቀን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ደግሞም አንድ ላይ የሚቀርቡት ፊደላት በቅርጽም በድምፅም የተራራቁ መሆን አለባቸው። ይህን በሥልጠናው ቢያንስ አሥር ጊዜ ሰምቻለሁ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከሥሩ አስምሬበታለሁ።

እንግዶቹ የመጡ ቀን ያስተማርኳት ልጅ 4 ዓመቷ ነው። ሚጣ ልበላት። ዝምተኛ ናት፤ ሥራ ከያዘች ግን ጣሪያው ቢወርድ አትነቃነቅም። ሀን እና ለን ጨርሳለች። እኔ ደግሞ እንግዳ ፊት አዲስ ነገር ላሳይ ብዬ ቀጣዩን ፊደል ጨመርኩ። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ገበታ ከለ ቀጥሎ ማን አለ? ሐ።

ነገሩ የገባው አንባቢ ካሁኑ እየሳቀብኝ ይሆናል።

ሦስቱን ሰሌዳ ምንጣፉ ላይ ደረደርኩ። «ይህ ሀ ነው። ይህ ለ ነው። ይህ ሐ ነው።» ስናገረው እንኳ ጆሮዬ አልሰማም! ከዚያ «ሀ የቱ ነው?» አልኳት። ሚጣ ሳታመነታ ሐን አነሣች።

«አይደለም፣ የኔ ቆንጆ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ሰሌዳውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት ጣቷ ቀስ ብላ ዳሰሰችው። ከላይ ወደ ታች፣ ሦስቱንም እግር። ጨርሳ «ሀ» አለች።

«አይደለም ሚጣ፣ እሱ አይደለም፤ ያኛው ነው።»

«ሀ ነው» አለች እንደገና። ድምፅዋ ቀነሰ። ከኋላ አንዲት እናት ሳቀች። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሚጣ ሰሌዳውን ገልብጣ መሬት ላይ አስቀመጠችና ሄዳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ ፊደል መደርደሪያው አልቀረበችም። ሦስት ሳምንት። ጠዋት ትመጣለች፣ ሽርጥ ታስራለች፣ ኩባያ ታጥባለች። የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። «ፊደል እንዳስስ?» ስላት «እጄ እርጥብ ነው» ትለኛለች። ብልጥ!

ጥፋቴ ሁለት ነው። ልጅ አይታረምም የሚለውን ሕግ እንግዳ ፊት ጣስኩ። ይህ ይቅርታ ያለው ነገር ነው፤ ሰው ሲያይህ ትደነግጣለህ። ሁለተኛው ግን አሁንም ያሳፍረኛል። ልጅቱ ልክ ነበረች። ሐ ሀ ነው። ጆሮዋ ያላትን ተናገረች። እኔ ነኝ ያልሰማሁት።

እንግዶቹ በመጡ ማግስት የኔታ በመስኮት ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ሰፈርሽ ውስጥ ሦስት አበበ ቢኖር እንዴት ብለሽ ትጠሪያቸዋለሽ?»

«በአባታቸው ስም ነዋ፣ የኔታ።»

«ታዲያ እነዚህን ለምን ያለ አባት አስቀረሻቸው?»

ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ። አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ። ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። አባቴ በልጅነቴ እየደጋገሙ ያስጠኑኝ ነው፤ አዲስ አልሆነብኝም። ግን ሥልጠናው «ፊደልን በስሙ ሳይሆን በድምፁ አስተምሩ» ይላል። ለጣሊያንኛና ለእንግሊዝኛ ልክ ነው፤ እዚያ የፊደሉ ስም ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ነው። የእኛ ፊደል ስሙም ድምፁም አንድ ስለሆነ ችግሩ አይነካንም ብዬ ቅጽሉን ሁሉ እንደ አሮጌ ዕቃ ጥዬው ነበር። ለ4 ድምፅ 9 ፊደል እንዳለን ማን ይንገረኝ? ሀ እና ሃም በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸውና ራብዑ ሲጨመር ነገሩ ይብሳል።

በዚያው ቀን ስለ አቡጊዳም አወራን። የኔታ እንደሚሉት ሀሁን በዜማ የሚያወርድ ልጅ ሁሉ ፊደል ለይቷል ማለት አይደለም፤ ተራውን ነው የያዘው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ የሚመጣው ያን ተራ ለማፍረስ ነው። ልጁ ዜማው ሲፈርስበት ዓይኑን ለመጠቀም ይገደዳል፤ ያላወቀውን ራሱ ያገኘዋል። ሞንቴሶሪ መሣሪያው ራሱ ስሕተቱን ለልጁ ያሳየው የምትለውን ነገር፣ ከመስኮቴ ማዶ ሲጮኽ ስንት ጊዜ መስኮት ዘግቼበታለሁ! (ይህን ለየኔታ አልነገርኳቸውም። አሁን ካነበቡት ይቅር ይበሉኝ።)

ተመሳሳዮቹን ከመደርደሪያው አነሣኋቸው። በመጀመሪያ እንደ ለ፣ መ፣ በ ያለ፣ በድምፅ አንዱ ካንዱ የማይምታታው ብቻ ቀረ። ለዘጠኙ ደግሞ ዘጠኝ ሣጥን አሠራን። ሐመር በግዕዝ መርከብ ስለሆነ አናጢው ትንሽ መርከብ ጠረበልን፤ ልጆቹ ወዲያው የኖኅ ናት አሉ። ለብዙኃኑ አንድ እፍኝ ሽምብራ። ለንጉሡ የካርቶን ዘውድ፣ ለእሳቱ ያልበራ ጧፍ፣ ለጸሎቱ መቁጠሪያ፣ ለፀሐዩ ክብ ቆርቆሮ። ለሃሌታው የኔታ አሮጌ ጸናጽል ሰጡን፤ ይህ ስሕተት ነበር፣ ጆሯችን ጠፋ። ለዐይኑ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ካሉት መላእክት የአንዱን ፊት አስሣልን፤ እነዚያን ትላልቅ ዓይኖች ያየ ልጅ ዐን አይረሳም። አልፋው አስቸገረን። አልፋ ምን ዕቃ አለው? የኔታ ካሰቡ በኋላ «ባዶውን ይቀመጥ» አሉ። ከሁሉም ቀድሞ የታወቀው እሱ ሆነ። «ባዶው አ!»

ሚጣ አንድ ሐሙስ መጣች። መርከቧን ነው ያየችው። እጇን በሽርጧ አደረቀች። መርከቧን አውጥታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና ሰሌዳውን በሁለት ጣቷ ዳሰሰች። እኔ ሁለት ክንድ ርቄ ነበርኩ። «ጎበዝ!» ልላት አፌ ድረስ መጥቷል። ዋጥኩት። ልጅ ተመስጦ ሲሠራ ማመስገንም ማቋረጥ ነው። ዞር ብዬ የተሰጣ ፎጣ ማጣጠፍ ጀመርኩ። ከኋላዬ «ሀ» ስትል ሰማሁ፤ ቆየት ብሎ፣ ለራሷ፣ «የመርከቧ።»

ጥር ገባ። ከከተራ ሁለት ቀን በፊት ደብሩ በር ላይ ትልቅ ባነር ተሰቀለ። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው ያሳተሙት፤ ከሥሩ ቆመው መንገደኛውን ሁሉ ሰላም ይላሉ። ልጆቹን አሰልፌ ወደ ቤት ስሸኝ ሚጣ እጄን ጎተተች።

«ቲቸር፣ መርከቧ!»

ቀና አልኩ። «እንኳን ለብርሐነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ» ይላል። ብርሃን በሐመሩ። ሊቀመንበሩ ፈገግ ብለው አዩን። ከኅዳር ወዲህ «አይደለም» የሚለውን ቃል ትቼዋለሁና ዝም አልኩ። ለሚጣ ብቻ «አዎ፣ መርከቧ ናት» አልኳት።

የኔታ ግን ሥልጠና አልወሰዱም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀና ብለው አነበቡ። አንዴም፣ ሁለቴም።

«አይደለም!» አሉ። «ይህ ሐመሩ ነው። መሰላል አምጡ።»