ቀትር ስድስት ሰዓት ነው

አባቴ የካውቦይ ፊልም ወዳጅ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብተው ያዩአቸውን ፊልሞች በስም አይጠሩም፤ የሚጠሩት "አክተሩን" ነው። በእሳቸው ዘመን አነጋገር አክተር ማለት ማንኛውም ተዋናይ አይደለም፤ ፊልሙ እስኪያልቅ የማይሞተው ዋናው ጀግና ነው። ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ግን ቴሌቪዥኑን ከፍተው ምስሉን ብቻ ያያሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ፊልም በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ላሳያቸው ቆረጥኩ። የመረጥኩት "ሃይ ኑን"ን ("ልክ በቀትር" ማለት ነው) ነው፤ በ1952 የወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ጥቁርና ነጭ፣ 85 ደቂቃ ብቻ። ንግግሩ ቁጥብ ስለሆነ በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ ብዬ ነበር። መስቀል አልፎ ታኅሣሥ ሲገባ ነው የጨረስኩት።

ታሪኩ ይህ ነው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ማርሻል (ሕግ አስከባሪ) ዊል ኬን ሥራውን ለቅቆ በሚያገባበት ዕለት ጠዋት፣ ቀድሞ አስሮት የነበረው ፍራንክ ሚለር ምሕረት አግኝቶ በቀትሩ ባቡር እየመጣ መሆኑ ይሰማል። ሦስት ግብረ አበሮቹ ባቡር ጣቢያው ላይ ይጠብቁታል። ኬን የሚያግዘው ሰው ፍለጋ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ገና በመግቢያው ነበር። ባቡሩ የሚደርስበትን ሰዓት ከእንግሊዝኛው እንዳለ ገልብጬ "አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል" ብዬ ጻፍኩ። ሩቡን ያህል እንደሠራሁ ለአባቴ አሳየኋቸው። ጥቂት አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

"ታዲያ ምን ያጣድፈዋል? እስኪመሽ ስንት ሰዓት አለው!"

ለእሳቸው አሥራ ሁለት ሰዓት ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ነው። አፍሬ "ስድስት ሰዓት" ብዬ አረምኩት። ይህም ሌላ ጣጣ አመጣ። አዘጋጁ ፍሬድ ዚነማን በማርሻሉ ቢሮ፣ በሆቴሉ፣ በመጠጥ ቤቱ ግድግዳ ሁሉ ሰዓት ሰቅሏል፤ ካሜራው ደጋግሞ ይመለስበታል። ከሰርጉ እስከ ባቡሩ መምጣት ያለው ጊዜ በፊልሙም በተመልካቹም ሰዓት እኩል ለእኩል ነው የሚሄደው ማለት ይቻላል። ጽሑፌ "ስድስት" ሲል የሰዓቱ ዘንጎች 12 ላይ ይገጥማሉ። አባቴ ቤት የተሰቀለው ሰዓት ደግሞ በቀትር የሚያሳየው 6 ነው። ቁጥርና ምስል እንዲህ ሲጣሉ ተመልካች የሚያምነው ምስሉን ነው።

መውጫውን ለማግኘት ሳምንት ፈጀብኝ፤ ሲገኝ ግን ቀላል ነበር። ቁጥሩን በተቻለኝ መጠን ጣልኩትና "ቀትር" አልኩ። ሌላውን ቦታ "ስንት ሰዓት ሆነ" በሚለው ፈንታ "ስንት ቀረ" በሚለው ተረጎምኩ። ሃያ ደቂቃ ቀረው፣ አምስት ደቂቃ ቀረው። የቀረ ጊዜ በየትኛውም አቆጣጠር ያው ነው።

ቀጥሎ "አንተ" እና "እርስዎ" መጡ። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ስላለው ደራሲው አልተቸገረም። እኔ ግን በእያንዳንዱ ሁለት ሰው መካከል ዳኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። ኬንን የሚጫወተው ጋሪ ኩፐር በቀረጻው ወቅት 50 ዓመቱ ነበር፤ ሙሽራዋ ግሬስ ኬሊ ደግሞ 21። መጀመሪያ ሁለቱንም በአንተና በአንቺ አናገርኳቸው። አባቴ ቅር አላቸው። "በዚያ ዘመን፣ ለዚያውም በሰርጓ ዕለት፣ ይህን የሚያህል ሰው አንተ ትላለች?" እውነታቸውን ነበር። ከዚያ ሄለን ራሚሬዝ አለች፤ የኬን የድሮ ወዳጅ፣ የንግድ ቤት ያላት ሴት። የምትጫወተው ሜክሲኳዊቷ ኬቲ ሁራዶ ናት፤ በዚህ ሚና የጎልደን ግሎብ የረዳት ተዋናይት ሽልማት ወስዳለች። ሄለንና ኬን ሲገናኙ ጥቂት ቃል በስፓኒሽ ይለዋወጣሉ፤ ዋናው ፊልም አይተረጉመውም። እኔም አልነካሁትም። ግን ሄለን ከመጀመሪያው ቃሏ ጀምሮ "አንተ" ትለዋለች፤ ሚስቱ "እርስዎ"። አባቴ ያንን አንብበው ምንም ሳልነግራቸው "አሃ፣ ይህችኛዋ ታውቀዋለች" አሉ። ከሦስቱ ወር ሥራዬ በጣም የምኮራበት ይህ ነው፤ የሠራሁት ግን አንድ ተውላጠ ስም መቀየር ብቻ ነው።

ምክትሉ ሃርቪ ላይ ደግሞ ተንኮል ሠራሁ። ሎይድ ብሪጅስ የሚጫወተው ይህ ወጣት ሹመት ስለተነፈገ ያኮረፈ ነው። የሕግ አስከባሪነት ምልክት የሆነውን የደረት ኮከብ ፈትቶ እስኪያስቀምጥ "እርስዎ" ይላል፤ ካስቀመጠ በኋላ "አንተ"። ይህ በእንግሊዝኛው ውስጥ የለም። ተርጓሚ እስከዚህ መድፈር አለበት ወይ የሚለኝ ካለ መልስ የለኝም፤ ግን አላወጣሁትም።

"ወንበዴ" ወይስ "ሽፍታ" በሚለውም ተከራከርን። ሽፍታ በእኛ አገር ክብርም አለው፤ ተበድሎ ጫካ የገባ ሰው ሊሆን ይችላል። ወንበዴ አልኩ። አባቴ ቃሉን በደርግ ዘመን ሬዲዮ ስለጠገቡት አልወደዱትም፤ እንደማይወዱት እያወቅሁ ተውኩት።

ከሦስቱ ወንበዴዎች አንዱ ምንም አይናገርም፤ የአፍ ሃርሞኒካ ብቻ ይነፋል። ለተርጓሚ ከእሱ የሚሻል ገጸ ባሕርይ የለም። አባቴ ፊቱን እንዳዩ ብድግ አሉ፤ "ይህን ሰው አውቀዋለሁ!" ሊ ቫን ክሊፍ ነው። ይህ የመጀመሪያ ፊልሙ ነበር፤ አባቴ የሚያውቁት በ1960ዎቹ በጣሊያናዊው ሰርጂዮ ሊዮኔ ፊልሞች ነው።

ሌላው ችግር ዓይን ላይ ነው የወደቀው። ነጭ ፊደሎቼ በብዙ ትዕይንት አይነበቡም። የካሜራው ባለሙያ ፍሎይድ ክሮዝቢ በዚያን ጊዜ እንደተለመደው ሰማዩን በማጣሪያ አላስዋበም፤ ከዚነማን ጋር ተስማምተው በማቲው ብሬዲ ስም የሚታወቁትን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፎቶግራፎች መልክ ነበር የፈለጉት። ሰማዩ የነጣ፣ መንገዱ አቧራማና ደረቅ፣ ጥላው አጭር። በዚያ ነጭ ላይ ነጭ ፊደል ማን ያነባል? ጥቁር ጠርዝ አበጀሁለት፤ መጠኑንም ለአባቴ ዓይን አሳደግሁት። አንድ መስመር የሚይዘው ቃል ስላነሰ የትርጉሙን ሲሶ ያህል መቁረጥ ግድ ሆነ። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት ከፍዬ ካስቀመጥኩት ሰውየው ፊቱን አዙሮ ከሄደ በኋላ ነው "አልመጣም" የሚለው የሚነበበው። ስለዚህ አጫጭር አድርጌ ግሱ ከፊቱ ጋር እንዲወጣ አደረግሁ።

ሥራው አለቀ ባልኩበት እሑድ ቤተሰብ ተሰብስቦ ማየት ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ደኅና የሄደ መሰለ። ከዚያ ጽሑፉ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ፤ ሰው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ንግግሩ ይመጣል። የሠራሁት በሴኮንድ 24 ምስል በሚሄድ ቅጂ ነበር፤ ያሳየሁት ደግሞ በ25 የሚሄደውን። በፊልሙ መጨረሻ ልዩነቱ ከሦስት ደቂቃ ይበልጣል። ስለ ሰዓት በተሠራ ፊልም ሰዓቴ ተዛባ! የእህቴ ልጆች ሳቁብኝ። የግርጌ ጽሑፍ ማስተካከያው ፕሮግራም ይህን በአንድ ትእዛዝ እንደሚያርመው ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ያለው ትዕይንት ግን አንድም የምጽፈው ነገር የለውም። የሰዓቱ ፔንዱለም፣ ባዶው ወንበር፣ ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሰዎች፣ መጠጥ ቤት ያሉት፣ ኬን ኑዛዜውን ሲጽፍ፤ ሁሉም በዲሚትሪ ቲዮምኪን ሙዚቃ ምት እየተቆረጠ ይሄዳል። ከዩክሬን የመጣው ቲዮምኪን ከዚህ ፊልም ሁለት ኦስካር ወስዷል፤ አንዱን ለሙዚቃው፣ ሌላውን ከግጥም ደራሲው ከኔድ ዋሺንግተን ጋር ለዘፈኑ። ኤልሞ ዊሊያምስና ሃሪ ገርስታድ ለአርትዖቱ፣ ኩፐር ለትወናው ተሸልመዋል። ቴክስ ሪተር የሚዘፍነውን ያንን ዘፈን ቤት እያስመታሁ ልተረጉም አራት ቀን ደከምኩ፤ በመጨረሻ ሙሽራው ሚስቱን እንዳትተወው እየለመናት መሆኑን በመጀመሪያው ላይ ብቻ ጽፌ ሌላውን ለዜማው ተውኩ።

በጣም የተሳሳትኩት በእምቢ ባዮቹ ላይ ነበር። ኬንን የሚከለክሉትን ሁሉ ሻካራ ቃል አስታጥቄያቸው ነበር፤ ፈሪ ፈሪ እንዲሸቱ። የፊልሙን ጽሑፍ ስላዘጋጀው ስለ ካርል ፎርማን ሳነብ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ቀረጻው በተካሄደበት በ1951 ፎርማን የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚኒስቶችን በሚመረምር ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሌሎችን ስም አልሰጥም አለ። ከፕሮዲውሰሩ ከስታንሊ ክሬመር ጋር ሽርክናቸው ፈረሰ። ስሙ በደራሲነት ቀረ፤ በተባባሪ ፕሮዲውሰርነት ግን አልተጻፈም። ወደ እንግሊዝ ሄደ። ከወዳጆቹ የሰማቸውን ቃላት በፊልሙ ውስጥ እንደከተተ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ወዳጅ ደግሞ ሲሸሽህ አይሰድብህም። ቶማስ ሚቸል የሚጫወተው የከተማው ሹም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኬንን አመስግኖ፣ አሞግሶ፣ በዚያው አፉ ከተማውን ለቅቆ እንዲሄድ ይመክረዋል። ሌላው ሚስቱን "የለም በይው" ብሎ ከጓዳ ይደበቃል። ይህን ለመተርጎም መዝገበ ቃላት አያስፈልግም፤ በየዕድሩ ስብሰባ የሰማሁት ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ጀምሬ ሻካራውን ሁሉ አለሰለስኩ። የለሰለሰው የበለጠ አስፈሪ ሆነ።

በጥር ወር እንደገና አየነው፤ በዚህ ጊዜ ሰዓቱ አልተዛነፈም። ኬን በመጨረሻ ኮከቡን አውልቆ አቧራው ላይ ሲጥል አባቴ ዝም አሉ። ከዚያ ይህን የጻፈው ሰው ምን ሆነ ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የካውቦይ ፊልሞች ታዋቂ ተዋናይ ጆን ዌይን ፊልሙን አጥብቆ ይጠላው እንደነበር፣ ሆኖም በ1953 የኩፐርን ኦስካር ስለ ወዳጁ የተቀበለው እሱ መሆኑን፣ ፎርማንን ከአገር በማስወጣት በመርዳቱ እንደማይጸጸት ከዓመታት በኋላ መናገሩንም ጨመርኩ። ዌይንና አዘጋጁ ሃዋርድ ሆክስ በ1959 "ሪዮ ብራቮ"ን ለዚህ ፊልም መልስ እንዲሆን ሠሩ አልኳቸው።

"እንግዲያው የእነሱንም እንስማ" አሉ አባቴ።

"አባባ፣ እሱ 141 ደቂቃ ነው።"

"ምን ቸገረኝ፣ ከምሳ በኋላ ይሁን። ሰዓት አለበት?"