ለሁለት ሴቶች እንዴት እንደነገርኩ

ጨብጥ እንደያዘኝ ከማወቅ ይበልጥ የከበደኝ፣ ለጓደኛዬና ከእሷ በፊት አብራኝ ለነበረችው መናገሩ ነው። ስለ ምርመራ የሚጽፍ ብዙ አለ፤ ስለዚህኛው የሚያወራ ግን እምብዛም አላገኘሁም።

ሽንቴን ሲያቃጥለኝና መግል መሰል ፈሳሽ ሲወጣኝ መጀመሪያ ያማከርኩት ስልኬን ነው። የምኖርባት ኮምቦልቻ ሰው ከሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት። ስልኬ ላይ እንዳነበብኩት፣ በእንግሊዝ አገር በብዙ አካባቢ ሰዎች የጨብጥ መመርመሪያ በድረ ገጽ በነጻ አዝዘው፣ ናሙናውን ቤታቸው ወስደው በፖስታ ይልካሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የለንደን ጥናት እንደሚለው፣ ይህ አማራጭ በስልክ መልእክት ከደረሳቸው ወጣቶች በስድስት ሳምንት ውስጥ ግማሾቹ ተመርምረዋል፤ የክሊኒኮች አድራሻ ብቻ ከተላከላቸው ግን 27 ከመቶ ያህሉ። መንገዱ ሲቀል ስንቱ እንደሚመረመር ከዚህ ይታያል። ሆኖም እዚያም ምልክት ያለበት ሰው ወደ ክሊኒክ ይላካል፤ የጨብጡን መርፌ የሚወጋውም እዚያው ነው። እኛ ዘንድ የታወቀው ራስን በራስ መመርመሪያ ደግሞ የኤች አይ ቪ ነው፤ ስለ ጨብጥ የሚለው ነገር የለም። በቴሌግራም ክኒን የሚሸጡትን አልሰማኋቸውም። ጨብጥ ብዙ መድኃኒት የተላመደ በሽታ ነው፤ በግምት አይዋጥለትም።

ስለዚህ የሐረጎን ዳገት ይዤ ደሴ ወጣሁ። የሚያውቀው ሰው እንዳያየው የሚሰጋ ሌላ ከተማ ቢታከም ምንም ነውር የለውም። ፈሳሹን በማይክሮስኮፕ አዩት፤ ክላሚዲያ የሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ በዚያ ስለማይታይ ለሁለቱም አከሙኝ። የኤች አይ ቪና የቂጥኝ ምርመራም አደረጉልኝ፤ ከሦስት ወር በኋላ እንድደግመው ተነገረኝ። ሲስተሯ ግን በዚህ አላበቃችም። «ወንድሜ፣ አንተን ብቻ ባክም ተመልሶ ይይዝሃል» አለችና ባለፉት ሁለት ወራት ከማን ጋር እንደነበርኩ ጠየቀችኝ። የበሽታው ስም ያልተጻፈበት፣ ቁጥር ብቻ ያለበት፣ ሊታከሙ ሲሄዱ የሚያሳዩት ካርድ ለእያንዳንዳቸው ሰጠችኝ። ምን ብዬ እንደምጀምርም አብረን ተለማመድን።

ለጓደኛዬ ፊት ለፊት ነገርኳት። «ታክሜአለሁ፤ አንቺም መታከም አለብሽ። ማን ከማን አመጣው የሚለውን ዛሬ እንተወው።»

«እኔ እኮ ምንም አላመመኝም!»

ብዙ ሴቶች ላይ ምልክት እንደማያሳይ፣ ሳይታከም ከቆየ ወደ ማህፀንና ወደ ቱቦዎቹ ወጥቶ ሊያመክን እንደሚችል አስረዳኋት። ካርዱን አገላብጣ አየችው። «እሄዳለሁ፤ ከአንተ ጋር ግን አልሄድም» አለች። ከእህቷ ጋር ሄደች።

ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ዘመዶቿ ቤት ናት፤ ስልኳን ልጆች ይነካኩታል። ስለዚህ የበሽታውን ስም አልጻፍኩም። «ብቻሽን ስትሆኚ ደውዪልኝ፤ ስለ ጤናሽ ነው» አልኳት። ደወለች፤ ተቆጣች፤ ጨርሳ እስክትናገር አዳመጥኳት። ከዚያ የካርዱን ፎቶ ላክሁላት። ስልክ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ከቀናት በኋላ «ታከምኩ» ብላ ጻፈች። እንዲህ ቢናገር ዱላ የሚያሰጋው ወይም ጨርሶ መናገር የማይችል ሰው ካለ፣ ባለሙያው የእሱን ስም ሳይጠራ እንዲያሳውቅለት ይጠይቅ።

ኮምቦልቻ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያድሩባት ከተማ ናት፤ ብዙው ሰው ሲያመው የሚሮጠው ወደ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ወደ መድኃኒት ቤት ነው። ያ ካርድ መድኃኒት ቤቶቻችን ባንኮኒ ላይም ይቀመጥ እላለሁ።