ያልተተከለው ድንኳን

አጎቴ የተገደለው በ1970 ዓ.ም. ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እኔ ያኔ አልተወለድኩም። ቤታችን ውስጥ አንድ ፎቶው ብቻ ነበር። እሱም ሳሎን አልተሰቀለም። ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአክስቴ ነጠላዎች ሥር ነበር የሚቀመጠው። ልጅ ሆኜ ስጠይቅ "የክፉ ቀን ነገር ነው፣ ተይው" እባል ነበር።

ሥነ ጥበብ ተምሬ አሥር ዓመት ያህል ከሠራሁ በኋላ ነው ስለ እሱ ልሥራ ያልኩት። ሥራው ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። የመጀመሪያው ዓመት በስህተት ነው ያለፈው። ይህን የምጽፈው በተለይ ለወጣት ሠዓሊዎች ነው። በአገራችን የፖለቲካ ግድያ ያላንኳኳው ቤት ጥቂት ነው። ብዙዎቻችሁ አንድ ቀን ወደዚህ ጉዳይ መምጣታችሁ አይቀርም።

መጀመሪያ የመጣልኝ ቀይ ቀለም ነበር። ሌላ ምን ይመጣል? ስሙ ራሱ ቀይ ሽብር ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በያኔው አብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶች ወርውሮ ሲሰብር የሚያሳየውን ምስል ብዙዎቻችን አይተነዋል። ትልልቅ ሸራ ወጠርኩ። አስፋልት ላይ የወደቁ ወጣቶች ሣልኩ። ደረታቸው ላይ "ቀይ ሽብር ይፋፋም" የሚል ጽሑፍ አደረግኩ። ሰባት ሸራ ጨረስኩ። ጓደኞቼ አይተው ዝም አሉ። ዝምታቸውን እንደ አድናቆት ቆጠርኩት።

አንድ ቅዳሜ አክስቴን ስቱዲዮ ይዣት መጣሁ። እትዬ ነው የምላት። የአጎቴ ታላቅ እህት ናት። በሩ ላይ እንደቆመች ሁሉንም አየች። ወደ ውስጥ አልገባችም።

"ይህንንማ አይቼዋለሁ፣ ልጄ" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። ታክሲ ድረስ ሸኘኋት።

ሁለት ሳምንት ብሩሽ አልነካሁም። በመጨረሻ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ያኔ የተገደሉትን መንገድ ላይ ያሰጧቸው ሰው እንዲያያቸው ነበር። ማየቱ ራሱ የቅጣቱ አካል ነበር። እናት የልጇን አስከሬን አልፋ ወደ ሥራ እንድትሄድ ነበር የተፈለገው። እኔ ደግሞ ከአርባ ዓመት በኋላ ያንኑ አስከሬን እንደገና አሰጣሁት። ያውም በትልቅ መጠን፣ በጥሩ ቀለም።

ቀይ ቀለም አይሠራም ማለቴ አይደለም። የገብረ ክርስቶስ ደስታን "ጎልጎታ" ያየ ሰው ቀይ ምን ሊናገር እንደሚችል ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1963 ነው የሣለው፣ ከአብዮቱ በፊት። እሱም በኋላ በደርግ ዘመን ተሰዶ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። የእኔ ቀይ ግን ከእሱ ጋር አይገናኝም። ከጠርሙሶቹ የተቀዳ ቀይ ነበር።

ሰባቱንም ሸራ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ። ሌሎች እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደሠሩት መፈለግ ጀመርኩ። ሁለት ሰዎች ረዱኝ።

አንዱ ቺሊያዊው አልፍሬዶ ጃር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994፣ የዘር ማጥፋቱ በተፈጸመበት ዓመት፣ ሩዋንዳ ሄዶ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አነሳ። ከዚያ ግን ምስሎቹን እንዳይታዩ በጥቁር ሣጥኖች ውስጥ ዘጋቸው። በየክዳኑ ላይ ውስጥ ያለው ፎቶ ምን እንደሚያሳይ በጽሑፍ አሰፈረ። ተመልካቹ ቆሞ ያነባል እንጂ አስከሬን አያይም።

ሌላዋ ኮሎምቢያዊቷ ዶሪስ ሳልሴዶ ናት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1985 ቦጎታ የሚገኘው የፍትሕ ቤተ መንግሥት በታጣቂዎች ተያዘ። ሠራዊቱ ሊያስለቅቅ ገባ። ዳኞችን ጨምሮ መቶ ያህል ሰው አለቀ። ከ17 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ ሳልሴዶ 280 ያህል ባዶ ወንበሮችን ከሕንፃው ጣሪያ በግድግዳው ላይ ቀስ በቀስ አወረደች። 53 ሰዓት ፈጀ። ንግግር የለም፣ ደም የለም። መንገደኛው ቀና ብሎ ያያል፣ ያስታውሳል።

ወንበሮቹ ከአእምሮዬ አልወጣ አሉ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚወጣው ወንበር የእድር አግዳሚ ነው። እትዬ ቤት ሄድኩ። ቡና እያፈላች ነበር። "ያኔ ድንኳን ተተክሎ ነበር?" አልኳት።

ረከቦቱን ገፋ አድርጋ ነገረችኝ። ድንኳን አልተተከለም። ማልቀስ ክልክል ነበር። የጥይት ዋጋ ክፈሉና አስከሬን ውሰዱ የተባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። የእኛ ግን እሱንም አላገኙም። አያቴ ጎረቤት እንዳይሰማ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ነው ያለቀሰችው። እድሩ አልመጣም። ሰዎቹ ግን አንድ በአንድ ይመጡ ነበር፣ ሲመሽ። አንዷ ጨው ልትበደር፣ አንዷ ወንፊት ልትመልስ። ትንሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ። ሰልስት የለም፣ አርባ የለም፣ ተዝካር የለም።

"እርማችንን አላወጣንም" አለችኝ።

ሥራዬ ያኔ ተገኘ ማለት ይቻላል። ያ ድንኳን ይተከል አልኩ።

ከመጀመሬ በፊት መስቀል አደባባይ ወዳለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ደጋግሜ ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ነው የተከፈተው። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽም አለ፣ ልብስ አለ፣ ከላይ እስከ ታች የወጣቶች ፎቶ የሞላው ግድግዳ አለ። አጽሙን ከመቃብር በማውጣትና በመለየት ከአርጀንቲና የመጡ ባለሙያዎች ረድተዋል። እነሱም የራሳቸውን አገር የጠፉ ወጣቶች ሲፈልጉ ነው ሙያውን ያዳበሩት። የደርግ ባለሥልጣናት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተጀምሮ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለት ዓመት። ሙዚየሙም ችሎቱም ማስረጃ ይዘዋል። እኔ ማስረጃ መድገም አላስፈለገኝም። የጎደለው መቀመጫ ነበር።

ድንኳኑን ከሰፈራችን እድር ነው የተዋስኩት። አዲስ መግዛት እችል ነበር፣ አልፈለግኩም። የብዙ ሰው ለቅሶ ያየ ሸራ ነው የፈለግኩት። የእድሩ ዳኛ መዝገቡን አወጡ። ቀን፣ የወሳጅ ስም፣ ምክንያት የሚሉ ዓምዶች አሉት።

"ልጄ፣ ይህ ድንኳን የሚወጣው ለሰርግ ወይ ለለቅሶ ነው። በየትኛው ልጻፈው?"

"ጋሼ፣ ለጊዜው ባዶውን ይቆይ" አልኳቸው። ባዶውን ተዉት።

አዳራሽ ማግኘቱ ከሁሉም ከብዶ ነበር። አንዱ ቦታ ሁለት ወር አስጠብቆ "ትንሽ ፖለቲካ ነው" ብሎ መለሰኝ። ሌላው ሰጠኝ። ድንኳን አዳራሽ ውስጥ መትከል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ካስማ የሚመታበት መሬት የለም። አሸዋ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልተን ገመዱን በእሱ ወጠርነው። ሸራውን አላጠብኩትም። የዕጣንና የጭስ ሽታ ነበረው፣ ያ ሽታ ከማንኛውም ቀለም በላይ ሠርቶልኛል።

ውስጡን ሳዘጋጅ በጣም ብዙ ነገር ጨምሬ ነበር። በየአግዳሚው ላይ ፎቶ ደረደርኩ። የሙሾ ቅጂም አዘጋጀሁ፣ ከድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ። እትዬ ልታይ መጣች። "ሰው የት ሊቀመጥ ነው?" አለችኝ። ፎቶዎቹን አነሳሁ። ሙሾውንም ለብቻዬ ተቀምጬ ስሰማው ትርዒት ሆነብኝ። ሰው የሌላውን ልቅሶ ሲያዳምጥ የራሱን ይተዋል። እሱንም አጠፋሁ። የቀረው ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹ፣ አንድ አምፖል፣ በሩ ላይ ደግሞ ማስታጠቢያ። ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ይታጠባል። እነዚህ ግን ቀብር አልነበራቸውም። ስለዚህ የሚገባ ሁሉ ይታጠብ አልኩ። መግቢያው ላይ ይህን ብቻ ጻፍኩ፦ "ይህ ድንኳን በ1970 ዓ.ም. መተከል ነበረበት። ገብታችሁ ተቀመጡ።"

የመጀመሪያው ቀን ሰዎች ግራ ገባቸው። ዙሪያውን ይዞራሉ፣ በስልክ ያነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ መጡ። ጽሑፉን አነበቡ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ገብተው ተቀመጡ። ሲወጡ እጄን ይዘው "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" አሉኝ። ለአጎቴ ሰው እንዲህ ሲለን የመጀመሪያው ነበር። ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ያዩ ሁሉ ከዚያ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አወቁ።

ሦስተኛው ቀን ሴቶች ከቦርሳቸው ፎቶ ማውጣት ጀመሩ። ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር፣ ትልቁ ጥፋቴም ይህ ነው። የት እናስቀምጠው? ማን ይጠብቀው? አንዱ ፎቶ ለግማሽ ቀን ጠፋብን። ቅጂ የሌለው፣ ጠርዙ የተቃጠለ፣ ለአርባ ዓመት የተደበቀ ፎቶ። ከሸራው እጥፋት ውስጥ ተገኘ። ባይገኝ ኖሮ ምን እላት ነበር? ማታውኑ ስካነር ተውሰን መጣን። ከዚያ በኋላ ዋናው ፎቶ እዚያው፣ ዓይናቸው እያየ፣ ወደ እጃቸው ይመለስ ነበር። ቅጂውን ለምን እንደምንጠቀምበት እየጠየቅን፣ ፈቃዳቸውንም እየጻፍን። እምቢ ያለ ሰው እምቢ ነው። ደግሞም ብቻችሁን አትቁሙ። አንዲት ነርስ ጓደኛዬ በየማታው እየመጣች ከሚያለቅሱት ጋር ትቀመጥ ነበር። እሷ ባትኖር አልችለውም ነበር።

በአራተኛው ቀን የሆነውን አስቤው አላውቅም። ስልሳ ዓመት ያህል የሚሆናቸው ሰው ከድንኳኑ ውጭ ቆሙ።

"አባቴ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበሩ" አሉኝ። "የገደሏቸው ከናንተ ወገን ናቸው። መግባት እችላለሁ?"

አፌ ተያዘ። ደርግን ይዋጋ የነበረው ኢሕአፓ የደርግ ሰዎችንና ያኔ ከደርግ ጎን የቆመውን የመኢሶን አባላት እንደገደለ አውቃለሁ። በመንግሥት መዋቅር፣ በየቀበሌውና በየእስር ቤቱ የተፈጸመውን ከዚያ ጋር እኩል አላደርገውም፣ አሁንም። ግን ሰውየው ያኔ ልጅ ነበሩ። እትዬ ውስጥ ተቀምጣ ሰምታለች። "ለቅሶ ቤት ማን ይከለከላል?" አለች። አግዳሚው ላይ ጠጋ አለችላቸው። ሰውየው ታጥበው ገቡ። አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ግማሽ ሰዓት ያህል ጎን ለጎን ተቀመጡ።

አንድ ጋዜጠኛ ይህን "ዕርቅ" ብሎ ሊጽፈው ፈለገ። እባክህ አትጻፈው አልኩት። እትዬ ያን ሌሊት አልተኛችም፣ ተናዳ ነው ያደረችው። "ቦታ ሰጠሁ እንጂ ይቅር አላልኩም" ብላኛለች። ለሷ ልንናገርላት አይገባም። እኛ ሠዓሊዎች ፈጥነን የሚያምር መደምደሚያ እንፈልጋለን፣ ከተጎዳው ሰው ቀድመን።

ተማሪዎች ደግሞ "ለምን የዛሬውን አትሠሪም?" ይሉኝ ነበር። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንዲት ወጣት ግን ሳትጠይቀኝ ገብታ ተቀመጠች። ስትወጣ "የእኔ ወንድም በ2013 ነው" አለችኝ። የት፣ በማን አልጠየቅኳትም። በማግስቱም መጣች።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት የእድሩ ዳኛ ደወሉ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሞቷል። ሌላኛው ድንኳን ተቀዷል፣ ያንቺን እንፈልገዋለን አሉኝ። ዐውደ ርእዩ ገና ሦስት ቀን ይቀረው ነበር። የአዳራሹ ሰዎች ተቆጡ፣ ፖስተር ተለጥፏል፣ ሰው ተጠርቷል። እኔ አላቅማማሁም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ነቅለን በአይሱዙ ጫንነው። አዳራሹ ውስጥ አግዳሚዎቹ፣ የአሸዋ ከረጢቶቹና ማስታጠቢያው ቀሩ። ሰዎች ለሦስት ቀን ያለ ድንኳን እየታጠቡ ተቀመጡ።

አግዳሚዎቹን ልመልስ እድሩ ቤት ስሄድ ዳኛው ቆጥረው ተረከቡኝ። ከዚያ መዝገቡን ከፍተው እንድፈርም ወደ እኔ አዞሩት። ባዶ የተውነው ዓምድ ተሞልቷል። በሳቸው እጅ ጽሑፍ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ የአጎቴ ስም ከነአባቱ ሰፍሯል። ከጎኑ ደግሞ "ለቅሶ" ይላል።